ዋልተር ጆንሰን፦ ሰው እንዳይጎዳ የሚፈራው ኃይለኛ ክንድ

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ በወላጆችና በልጆች ስብሰባ ላይ ያደረግሁት ንግግር ነው። ከቀረጻው ላይ እንዳለ ገልብጬዋለሁ።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፣ ከኋላ የተደረደራችሁት ልጆችም፣ እንደምን አመሻችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን። ሥራ ውላችሁ፣ ደክሟችሁ፣ በዚህ ትራፊክ ተጋፍታችሁ ስለመጣችሁ በጣም አመሰግናለሁ።

አዘጋጆቹ «ስለ ስፖርት ንገረን» ሲሉኝ፣ ስለ ሯጮቻችን የማወራ ሳይመስላቸው አልቀረም። ስለ እነሱ ማውራት ደስ ይለኛል። ግን ስለ አበበ ቢቂላ እኔ ለእናንተ ምን እነግራችኋለሁ? ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ይዤ የመጣሁት ስሙን በየቀኑ የምንጠራውን፣ ማንነቱን ግን ብዙዎቻችን የማናውቀውን ሰው ነው።

እስቲ ልጠይቃችሁ። ቤተዝዳ ውስጥ ዋልተር ጆንሰን የሚባል ሃይስኩል አለ፤ ታውቁታላችሁ? (ብዙ እጅ ወጣ።) ጎበዝ። ልጆቻችሁ እዚያ የሚማሩም አላችሁ። አሁን ሁለተኛ ጥያቄ። ዋልተር ጆንሰን ማን ነው? (ዝምታ። ከዚያ አንዲት ልጅ «ቤዝቦል ተጫዋች» አለች።) የኔ ልጅ፣ ተባረኪ። አዎ፣ ቤዝቦል ተጫዋች ነው።

ፒቸር ነበር፤ ኳስ ወርዋሪ። ከ1907 እስከ 1927 ድረስ፣ 21 የውድድር ዘመን፣ ለአንድ ቡድን ብቻ የወረወረ ሰው ነው። ቡድኑም የዚሁ የዋሽንግተን ቡድን ነው። ጋዜጠኞች «ትልቁ ባቡር» ብለው ይጠሩት ነበር። በነገራችን ላይ ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።

ሦስት ነገር እነግራችኋለሁ። አንደኛ፣ ከየት እንደመጣ። ሁለተኛ፣ በተሸናፊ ቡድን ውስጥ እንዴት እንደኖረ። ሦስተኛ፣ እኔን ከሁሉ የሚገርመኝ፣ ያንን የሚያስፈራ ጉልበቱን እንዴት አድርጎ እንደያዘው። መሐል ላይ ወጣ ብል ታገሱኝ፤ እመለሳለሁ።

ከየት መጣ? የገበሬ ልጅ ነው። ኅዳር ሊጀምር አካባቢ፣ ኖቬምበር 6 ቀን 1887 ካንሳስ ውስጥ ሀምቦልት በምትባል ከተማ አጠገብ፣ እርሻ ላይ ተወለደ። ኑሮው ሲከብድ ቤተሰቡ ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ካሊፎርኒያ ሄደ። ኦሊንዳ የሚባል ነዳጅ የሚወጣበት ሰፈር። እንጀራ ፍለጋ አገር ማቋረጥ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ ስለዚህ ይህን ለማስረዳት ብዙ አልደክምም። ልጁ እዚያ ነው ኳስ መወርወር የጀመረው። ገና ተማሪ እያለ በአንድ ጨዋታ 27 ሰው በባዶ አስቶ መልሷል። ጨዋታው 15 ኢኒንግ የፈጀ ረጅም ጨዋታ ነበር።

ጨዋታውን የማታውቁ አላችሁ፤ በአጭሩ ልንገራችሁ። ፒቸሩ ትንሽ ጉብታ ላይ ይቆማል። ከፊቱ፣ 18 ሜትር ትንሽ አለፍ ብሎ፣ ዱላ የያዘ ሰው ቆሟል። ፒቸሩ ይወረውራል፤ ያኛው ለመምታት ይሞክራል። ከመታ ይሮጣል፤ ቤዝ የሚባሉትን ሦስት ማረፊያዎች አልፎ ሆም ፕሌት ወደሚባለው መነሻው ከተመለሰ አንድ ነጥብ ነው። ሦስት ጊዜ ከሳተ ይወጣል። ሦስት ሰው ከወጣ የዚያ ቡድን ተራ ያበቃል። የሁለቱም ቡድን ተራ ሲያልቅ አንድ ኢኒንግ ይባላል። ዘጠኝ ኢኒንግ አንድ ጨዋታ ነው። እኩል ከሆኑ ይቀጥላሉ። ኳሷ ትንሽ ናት፣ ግን ጠንካራ ናት። ያን ጊዜ ደግሞ ሄልሜት የለም። ይህቺን ነገር ያዙልኝ። ሄልሜት የለም! በኋላ እመለስባታለሁ።

ጆንሰን ረጅም ነው፤ እጁ ደግሞ ከቁመቱም በላይ ረጅም ነው። አወራወሩ ከላይ ወደ ታች አልነበረም። ክንዱን በጎን በኩል አዙሮ ነው የሚለቃት። ወንጭፍ የወረወራችሁ ይገባችኋል። እኔ ልጅ ሆኜ ማማ ላይ ቆሜ ማሽላ ከወፍ እጠብቅ ነበር። ወንጭፍ ላይ ጉልበት ብቻውን ምንም አይሠራም። ዙሩን ጠብቀህ፣ በሰዓቱ ስትለቀው ነው ድንጋዩ ፉጨት እያሰማ የሚሄደው። የጆንሰንን የድሮ ፊልም ሳይ ያ ዙር ነው የሚታየኝ። ሰውነቱ አይቸኩልም። ምንም የተለየ ነገር የሚያደርግ አይመስልም። ኳሷ ግን ሄዳለች።

ምን ያህል ፈጣን ነበር? የዛሬው ዓይነት ራዳር የለም። እንግዲህ ምን አደረጉ መሰላችሁ? ኮኔቲከት ውስጥ ወዳለ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ወሰዱት። የጥይት ፍጥነት በሚለካበት መሣሪያ የእሱን ኳስ ለኩ። ጥይት በሚለካበት! ከዚህ በላይ ምን ልበላችሁ?

በ1906 ሥራ ፍለጋ ወደ አይዳሆ ሄደ። ዋይዘር በምትባል ትንሽ ከተማ የስልክ ኩባንያ ውስጥ ይሠራል፣ ለከተማዋ ቡድንም ይወረውራል። በዚያ የሚያልፍ አንድ ተጓዥ ነጋዴ አየው። ነጋዴው ለዋሽንግተን ቡድን አሠልጣኝ ደጋግሞ ደብዳቤ ጻፈ ይባላል። በ1907 አሠልጣኙ ክሊፍ ብላንከንሺፕ የሚባለውን ካቸር ላከ። ካቸር ማለት ከመቺው ኋላ ተቀምጦ ኳሷን የሚቀበለው ነው። ብላንከንሺፕ ተጎድቶ ስለነበር ለዚህ ጉዞ ጊዜ ነበረው። አየውና አስፈረመው። ልጁ ለመፈረም አንድ ነገር ጠየቀ ይባላል። ምን ጠየቀ? የመልስ ትኬት። «ካልሆነልኝ ቤቴ የምመለስበት የባቡር ገንዘብ ስጡኝ» አለ። ከእናንተ ውስጥ ወደዚህ አገር ሲመጣ ልቡ ውስጥ የመልስ ትኬት ያልያዘ ማን አለ? እኔ ይዤ ነበር። የ19 ዓመቱ ጆንሰንም ይዞ ነበር።

ኦገስት 2 ቀን 1907 ዋሽንግተን ላይ መጀመሪያ ወረወረ። ተጋጣሚው የዲትሮይት ቡድን ነው። እነሱ ዘንድ ታይ ካብ የሚባል ኃይለኛ መቺ አለ። እሱም ገና 20 ዓመቱ ነው። ካብና ጓደኞቹ ኳሷን በሙሉ ጉልበት መምታት እንደማይችሉ ቶሎ ገባቸው። ዱላውን ዘርግተው ቀስ አድርገው እየነኩ መሮጥ ጀመሩ። ጆንሰን 3 ለ 2 ተሸነፈ። የመጀመሪያ ጨዋታውን ተሸነፈ! ግን ከሜዳ ሲወጡ ሁሉም ያወሩት ስለ ተሸናፊው ነበር።

አሁን ሁለተኛው ነጥቤ ላይ ደረስኩ። ቡድኑ።

ወገኖቼ፣ የዋሽንግተን ቡድን በጣም ደካማ ነበር። በ1904 113 ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን ነው። ጋዜጠኞች ይቀልዱበት ነበር። የከተማዋ ስም የተወሰደበት ጆርጅ ዋሽንግተን «በጦርነት አንደኛ፣ በሰላም አንደኛ» ተብሎ ይወደሳል። እነሱ ይህን ወስደው «ዋሽንግተን፦ በጦርነት አንደኛ፣ በሰላም አንደኛ፣ በአሜሪካን ሊግ የመጨረሻ» አሉ።

በ1909 ቡድኑ 110 ጨዋታ ተሸነፈ። ጆንሰን ራሱ 13 አሸንፎ 25 ተሸነፈ። አስቡት። የፒቸር ዋና ሥራው ነጥብ ማስቆጠር አይደለም፤ እንዳይቆጠርበት መከልከል ነው። ጓደኞቹ ምንም ካላስቆጠሩ ምን ያደርጋል? በሥራ ዘመኑ ሁሉ ከተሸነፋቸው 279 ጨዋታዎች 65ቱን የተሸነፈው ቡድኑ አንድም ነጥብ ሳያስቆጥር ነው። ስልሳ አምስት ጊዜ! 26 ጊዜ ደግሞ 1 ለ 0 ተሸንፏል። ቀኑን ሙሉ ወርውረህ፣ አንዲት ነገር አምልጣህ፣ ተሸንፈህ ወደ ቤት መሄድ። ሃያ ስድስት ጊዜ።

እዚህ ላይ ስለ አንድ የማውቀው ሰው ልንገራችሁ። መጀመሪያ ስመጣ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ነበር የምሠራው፣ የምድር ውስጥ ጋራዥ። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ጎንደሬ ጋሼ ነበር። አለቃችን የሰው ልፋት የሚያይ ሰው አልነበረም። ደሞዝ ያዘገያል፤ ያመናጭቃል። ጋሼ ግን የሰውን መኪና ሲያቆም በሚሊሜትር ነው። መስታወቱን ሳይቀር አይቶ ያስተካክላል። «ጋሼ፣ ለማን ብለህ ነው?» አልኩት። «መኪናው የሰውዬው ነው፤ እጁ የኔ ነው» አለኝ። ስለ ጆንሰን ሳነብ ሁልጊዜ ጋሼ ትዝ ይለኛል። ጆንሰን ስህተት ሠርተው ጨዋታ ባስበሉት ጓደኞቹ ላይ አይጮህም ነበር። አብረውት የተጫወቱ ይህን መስክረዋል።

ያንን ቡድን ይዞ ደግሞ ያደረገውን ስሙ። ሴፕቴምበር 1908፣ ገና 20 ዓመቱ፣ ኒውዮርክ ላይ ነው። ዓርብ ወረወረ፤ ተጋጣሚው ዜሮ። ቅዳሜ ደግሞ ወረወረ፤ ዜሮ። እሑድ በዚያ ከተማ ጨዋታ የለም። ሰኞ ለሦስተኛ ጊዜ ወጣ፤ አሁንም ዜሮ። በአራት ቀን ውስጥ ሦስት ሙሉ ጨዋታ፣ አንድም ነጥብ ሳይቆጠርበት። ዛሬ ፒቸር አንድ ቀን ወርውሮ አራት ቀን ነው የሚያርፈው፤ ሙሉውን ጨዋታ የሚጨርሰውም ስንት ነው?

በ1910 ፕሬዚዳንት ታፍት የዓመቱን መክፈቻ ለማየት መጡ። ከመቀመጫቸው ሆነው የመጀመሪያዋን ኳስ ወረወሩ፤ የተቀበላቸው ጆንሰን ነው። ፕሬዚዳንቶች መክፈቻ ላይ ኳስ የመወርወር ልማዳቸው ከዚያ ነው የጀመረው። በ1913 ደግሞ 36 አሸነፈ፣ 7 ብቻ ተሸነፈ። በዚያ ዓመት ከ55 ኢኒንግ በላይ በተከታታይ ነጥብ አልተቆጠረበትም።

ታዲያ ለምን አልሄደም? ይህን ጥያቄ ወጣቶቹ እንደምትጠይቁኝ አውቃለሁ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሊሄድ ነበር። በ1914 መጨረሻ ፌደራል ሊግ የሚባል አዲስ ሊግ ተነስቶ ብዙ ገንዘብ ሲያቀርብለት ከቺካጎ ቡድን ጋር ፈረመ። የዋሽንግተኑ አሠልጣኝ ክላርክ ግሪፊዝ አግባብቶ መለሰው። በዚያ ዘመን ተጫዋች እንደ ዛሬው ወደፈለገበት አይዛወርም፤ ውሉ ከክለቡ ጋር አስሮ ይይዘዋል። ስለዚህ እንደ መልአክ አድርጌ አልሥልላችሁም። ገንዘብ ፈልጓል፤ ቤተሰብ ያለው ሰው ነው። ግን ተመለሰ፣ ከተመለሰም በኋላ በሙሉ ልቡ ወረወረ። ከ1910 እስከ 1919 በየዓመቱ፣ አንድም ዓመት ሳያጓድል፣ 20 እና ከዚያ በላይ ጨዋታ አሸንፏል።

ጠቅላላውን ልንገራችሁና ቁጥሩን ልተው። 417 ጨዋታ አሸነፈ። ከእሱ በላይ ያለው ሳይ ያንግ ብቻ ነው። ተጋጣሚውን በዜሮ የመለሰባቸው ጨዋታዎች 110 ናቸው። መቶ አስር! ይህን እስከ ዛሬ ማንም አልደረሰበትም፤ በዛሬው አጨዋወት የሚደርስበት ያለም አይመስለኝም። ከ3,500 በላይ መቺዎችን አስቶ አስወጥቷል፤ ያ ሪከርድ እስከ 1983 ቆየ።

አሁን ሦስተኛው ነገር። ልጆች፣ እዚህ ጋ ስልካችሁን አስቀምጡልኝ።

ሄልሜት የለም ብያችሁ ነበር። ፒቸሮች ይህን ያውቃሉ። ስለዚህ ብዙዎቹ ሆን ብለው ወደ ሰውዬው አስጠግተው ይወረውራሉ። ለማስፈራራት። መቺው ከፈራ ወደኋላ ይሸሻል፤ ከሸሸ አይመታም። ይህ የሥራው አንድ ክፍል ተደርጎ ነበር የሚቆጠረው።

ከሁሉም ፈጣን የሆነው ሰው ግን ይህን አያደርግም ነበር። ጆንሰን ይፈራል። ምን ይፈራል? ሰው እንዳይገድል ይፈራል። የገዛ ክንዱን ይፈራል። ኳሷ በ21 ዓመት ውስጥ ከ200 ጊዜ በላይ ሰው መትታለች፤ በጎን የሚለቃት ኳስ አንዳንዴ ታመልጣለች። ግን ሆን ብሎ አላደረገውም። ሰው ሲመታበት ይደነግጥ ነበር።

ታይ ካብ ይህን አወቀ። ካብ ብልህ ነው፤ ርኅራኄን እንደ ድክመት የሚያይ ተጫዋች ነው። ጆንሰን ሲወረውር ወደ ሆም ፕሌቱ ተጠግቶ፣ አንገቱን ሰጥቶ ይቆማል። ጆንሰን እንዳይመታው ብሎ ኳሷን ራቅ ያደርጋል። ራቅ ሲያደርግ ካብ ያገኛታል። ካብ ይህን ራሱ በኋላ ተናግሮታል። አያችሁ? ደግነቱ ዋጋ አስከፍሎታል። ጆንሰንም ካብ የሚያደርገውን ሳያውቅ አይቀርም። አንዴ ጆሮው ግንድ አጠገብ ቢያሳልፍለት ኖሮ ካብ ዳግመኛ አይጠጋም ነበር። አላደረገውም!

ፍርሃቱ ከንቱ ነበር? ሬይ ቻፕማን የሚባል የክሊቭላንድ ተጫዋች ነበር። አንድ ቀን ጆንሰን ሁለት ኳስ ወረወረለት፤ ሁለቱንም አላያቸውም። ሦስተኛዋን ሳይጠብቅ ዱላውን ይዞ ወደ መቀመጫው ሄደ ይባላል። ዳኛው ቢጠራው «ሦስተኛዋ አትጠቅመኝም» አለ። ይህ ሰው ኦገስት 16 ቀን 1920 ኒውዮርክ ውስጥ ሌላ ፒቸር፣ ካርል ሜይስ፣ የወረወራት ኳስ ጭንቅላቱን መታችው። በማግስቱ ሞተ። በትልቁ ሊግ ታሪክ በኳስ ተመትቶ የሞተ እሱ ብቻ ነው። እንግዲህ ጆንሰን የፈራው ነገር እውነት ነበር።

ይህን ለምን አነሳሁ? ልጄ ቤዝቦል ይጫወታል። ፒቸር ነው። ባለፈው ዓመት አንድ አሠልጣኝ፣ ስሙን አልጠራም፣ ልጆቹን ሰብስቦ «የመጀመሪያዋን ወደ ሰውዬው አስጠጉ፤ ይፍራችሁ» ሲል ሰማሁ። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች ናቸው! መኪና ውስጥ ልጄ «አባዬ፣ ካልፈሩኝ እንዴት አሸንፋለሁ?» አለኝ። ያን ማታ ነው ስለ ዋልተር ጆንሰን ያወራሁለት። 417 አልኩት። ሳያስፈራራ 417። ልጄ ቁጥር ይወዳል፤ ቁጥሯን ደብተሩ ላይ ጻፋት። እናንተም ወላጆች፣ ልጆቻችሁን ሜዳ ስታደርሱ አሠልጣኙ ምን እንደሚል ቆማችሁ ስሙ። መኪና ውስጥ ስልክ አትነካኩ። ውረዱና ስሙ። እለምናችኋለሁ።

አሁን ወደ 1924 ልውሰዳችሁ። እኔ ይህን ስተርክ ሁሌም ልቤ ይመታል።

ጆንሰን 36 ዓመቱ ነው። አስራ ሰባት ዓመት ሙሉ ወርውሯል፤ አንድም ጊዜ ዓለም ዋንጫ የሚሉት ውድድር፣ ወርልድ ሲሪስ፣ ላይ አልደረሰም። በዚያ ዓመት ቡድኑ ተነሳ። አሠልጣኙ ባኪ ሃሪስ 27 ዓመቱ ነው፤ ራሱም ይጫወታል። ሊጉን አሸነፉ። ከኒውዮርክ ጃያንትስ ጋር ተገናኙ። አገር ሁሉ፣ የዋሽንግተን ሰው ያልሆነው ሳይቀር፣ ጆንሰን እንዲያሸንፍ ይመኛል።

የመጀመሪያውን ጨዋታ ወረወረ። 12 ኢኒንግ ወርውሮ 4 ለ 3 ተሸነፈ። አምስተኛውን ወረወረ፤ 6 ለ 2 ተሸነፈ። በቃ፣ አለቀ፣ አሉ ሰዎች። አርጅቷል።

ኦክቶበር 10፣ ሰባተኛውና የመጨረሻው ጨዋታ፣ ዋሽንግተን። ፕሬዚዳንት ኩሊጅ ከባለቤታቸው ጋር ተቀምጠዋል። ስምንተኛው ኢኒንግ ላይ ዋሽንግተን 3 ለ 1 ይመራ የነበረውን ኒውዮርክ ደረሰበት፤ 3 ለ 3። ዘጠነኛው ሲጀመር ሃሪስ ማንን ጠራ? ሁለቴ የተሸነፈውን ሰውዬ።

አንድ ሰው ከወጣ በኋላ የኒውዮርኩ ፍራንኪ ፍሪሽ ረጅም መትቶ ሦስተኛው ቤዝ ላይ ደረሰ። አንዲት ኳስ በደንብ ብትመታ ኒውዮርክ መሪ ይሆናል። ጆንሰን ቀጣዩን ሰው ሆን ብሎ፣ ሳያስመታው፣ ወደ አንደኛው ቤዝ አሳለፈው። ከዚያ ጆርጅ ኬሊን አስቶ አስወጣው። የሚቀጥለውንም በቀላል ኳስ አስወጣ። አሥረኛው ዜሮ። አሥራ አንደኛው ዜሮ። አሥራ ሁለተኛው ዜሮ።

በዋሽንግተን ተራ ሙዲ ሩል መታ፤ ኳሷ ወደ ላይ ወጣች። የኒውዮርኩ ካቸር ሊቀልባት ሲል እግሩ መሬት ላይ በጣለው የገዛ ጭንብሉ ተጠለፈ። ጣላት። ሩል ሌላ ዕድል አገኘና በደንብ መታ። ቀጥሎ ኧርል ማክኒሊ መሬት ለመሬት መታ። ሦስተኛው ቤዝ ላይ የቆመው የኒውዮርኩ ሊንድስትሮም የ18 ዓመት ልጅ ነው። ጎንበስ ብሎ ሊይዛት ሲል ኳሷ ጠጠር ነካች ይባላል፤ በራሱ ላይ ዘለለች። ሩል ሮጦ ገባ። 4 ለ 3! ዋሽንግተን አሸነፈ። አሸናፊው ፒቸር ዋልተር ጆንሰን!

ዋሽንግተን ከዚያ በኋላ ይህን ዋንጫ የበላው በ2019 ነው። 95 ዓመት ቁጠሩ።

በ1925 እንደገና ደርሰው በመጨረሻው ጨዋታ፣ በዝናብ፣ በፒትስበርግ ተሸነፉ። የወረወረው እሱ ነው። ያንንም ልንገራችሁ ብዬ ነው፤ ታሪኩ ዋንጫው ላይ አልቆመም።

አሁን አንድ ጥያቄ። ያ ሜዳ የት ነው? ግሪፊዝ ስታዲየም ዛሬ የት ነው ያለው?

ታክሲ እነዳ በነበረ ጊዜ አንድ ቀን ሸምገል ያሉ ጥቁር አሜሪካዊ ጫንኩ። «ሃዋርድ ሆስፒታል» አሉኝ። ስንደርስ አልወረዱም። ሕንፃውን እያዩ «እዚህ ጋ ልጅ ሆኜ ቤዝቦል አይ ነበር» አሉኝ። እኔ የሆስፒታሉን ደጃፍ በየቀኑ አልፈዋለሁ፤ የማውቀው ነገር የለም። አዎ ወገኖቼ፣ እዚያው ጆርጂያ አቬኑ ላይ ነው። ስታዲየሙ በ1965 ፈረሰ፤ ሆስፒታሉ በ1975 ተከፈተ። ሆም ፕሌቱ የነበረበት ቦታ ሆስፒታሉ ውስጥ ምልክት ተደርጎበታል። ከመካከላችሁ ልጁን እዚያ የወለደ አለ? (እጆች ወጡ።) አያችሁ! ከዩ ስትሪትና ከናይንዝ ስትሪት፣ ከሐበሻ ቤቶቹ ጥቂት እርምጃ ነው።

ያ ሜዳ ግን መልካም ትዝታ ብቻ የለውም። ሰፈሩ የጥቁሮች ሰፈር ነው፤ ቡድኑ ውስጥ ግን ጥቁር ተጫዋች አይገባም። ዋሽንግተን ጥቁር ተጫዋች ያሰለፈው በ1954 ነው። ጆንሰን በሊጉ 21 ዓመት ሲወረውር አንድም ጥቁር መቺ ከፊቱ አልቆመም። ስለ ሪከርዱ ስናወራ ይህን መደበቅ አይገባም። ከሊጉ ውጭ ግን በ1913 መጨረሻ ስኬነክታዲ፣ ኒውዮርክ ውስጥ ከጥቁሮች ቡድን ጋር ተጫውቷል። ፍራንክ ዊክዌር የሚባል ጥቁር ፒቸር 1 ለ 0 አሸነፈው። የትኛው ዓመት ነው? 36 ባሸነፈበት ዓመት! በ1939 ደግሞ ጆንሰን ጆሽ ጊብሰንን አይቶ፣ ማንም ትልቅ ክለብ በ200 ሺህ ዶላር ሊገዛው የሚመኘው ካቸር ነው ብሎ መስክሯል፤ ጥቁር መሆኑ ያሳዝናል ብሎም ጨመረ። እኔ ያቺን የመጨረሻዋን ቃል ሳነብ ይከፋኛል። የሚያሳዝነው የጊብሰን ቀለም አልነበረም፤ በሩን የዘጉት ሰዎች ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህቺ የራሳችን ናት። ጆንሰን ከ1929 እስከ 1932 የዚያው የዋሽንግተን ቡድን አሠልጣኝ ነበር። እዚያው አጠገብ፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ፣ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሕክምና የሚማሩ አንድ ኢትዮጵያዊ ነበሩ። ዶክተር መላኩ በያን። በ1935 ተመረቁ፣ ወዲያው ጣሊያን አገራችንን ወረረ፤ ከዚያ በኋላ በዚህ አገር ለኢትዮጵያ የሠሩትን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ተገናኝተዋል አልልም። ግን ጨዋታ ባለ ቀን የሕዝቡ ጩኸት መላኩ ከሚያጠኑበት ግቢ ይሰማ እንደነበር ቦታውን ያየ ሰው አይጠራጠርም። ይህ ከተማ ውስጥ እኛ ዛሬ የመጣን አይደለንም።

መጨረሻውን ልንገራችሁ። በ1927 ልምምድ ላይ የገዛ ጓደኛው የመታት ኳስ እግሩን ሰበረችው፤ በዚያ ዓመት መጫወት አቆመ። በ1930 ባለቤቱ ሄዘል በወጣትነቷ ሞተች፤ ልጆቹን ይዞ ቀረ። በ1936 የቤዝቦል የክብር አዳራሽ መጀመሪያ ከመረጣቸው አምስት ሰዎች አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት ፌብሩዋሪ ላይ፣ በ48 ዓመቱ፣ ፍሬድሪክስበርግ ሄዶ የብር ዶላር ራፓሃኖክ ወንዝን አሻግሮ ወረወረ። ጆርጅ ዋሽንግተን አድርጎታል የሚባለውን ለማሳየት ነው።

ከዚያ ጀርመንታውን ውስጥ እርሻ ይዞ ላም ሲያረባ ኖረ። የገበሬ ልጅ ወደ እርሻ ተመለሰ። በ1938 የእኛው የሞንትጎመሪ ካውንቲ ኮሚሽነር ሆኖ ተመረጠ። በ1940 ለኮንግረስ ተወዳድሮ ተሸነፈ። ዲሴምበር 10 ቀን 1946 በጭንቅላት ዕጢ ሞተ፤ 59 ዓመቱ ነበር። መቃብሩ ሮክቪል ነው። ከብዙዎቻችሁ ቤት በመኪና ሩቅ አይደለም።

በሞተ በዓመቱ ፕሬዚዳንት ትሩማን ግሪፊዝ ስታዲየም ላይ የመታሰቢያ ሐውልት መርቀውለት ነበር። ስታዲየሙ ሲፈርስ ያ ድንጋይ የት ሄደ? በስሙ ወደተጠራው ትምህርት ቤት። ቤተዝዳ፣ ልጆቻችሁ የሚማሩበት ግቢ ውስጥ አለ። በሚቀጥለው ጊዜ ልጅ ለማምጣት ስትሄዱ አሥር ደቂቃ ቀድማችሁ ድረሱና አንብቡት። በጋ ሲመጣ ደግሞ ቤተዝዳ ውስጥ «ቢግ ትሬን» የሚባል የኮሌጅ ልጆች ቡድን ይጫወታል፤ ስሙን ያገኘው ከእሱ ነው። ሰብሰብ ብለን ልጆቹን ይዘን እንሂድ። መሄድ የምትፈልጉ ስማችሁን በሩ ጋ ላለችው እህታችን ስጧት።

ስላዳመጣችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። አሁን ጥያቄ። ከልጆቹ እንጀምር፤ ያቺ ቅድም የመለሰችልኝ ልጅ ትቅደም።